ተሰጥኦ የሌላት አንዲት ልጅ በአስቸኳይ ስትፈለግ

በዳኑብ ወንዝ ዳር የምትገኘው ከተማችን ሁሉ ነገር ሞልቷት አንድ ነገር ብቻ የላትም፦ ተራ ሕፃን። ይህ በየበረንዳው የሚወራ ጉራ አይደለም፤ በሁለት ቀን ስብሰባ የተመረመረ፣ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ፣ በክብ ማኅተም የተረጋገጠ እውነት ነው።

እውነቱ የተገኘው ባለፈው መስከረም፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ወይዘሮ ኢስክራ ፓሾቫ «ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ሕፃናት ማበልጸጊያ ማዕከል» ለመክፈት በተነሡ ጊዜ ነበር። ለሦስተኛ ክፍል ወላጆች ፎርም ተበተነ፤ የልጃችሁን ተሰጥኦ በማስረጃ አስደግፋችሁ አቅርቡ ተባለ። በክፍሉ አርባ ሦስት ልጆች ነበሩ። አርባ ሦስት ፎርም ተመለሰ።

ማስረጃው ዓይን ያስለቅስ ነበር። አንዱ ሕፃን በዘጠኝ ወሩ ዜና ሲታወጅ ቅንድቡን እየሰበሰበ ያዳምጥ ኖሯል። አንዷ ማንኪያ በግራ እጇ ይዛ በቀኝ እጇ በልታለች፤ እንዴት እንደሆነ ኮሚቴው አልጠየቀም። የሁሉንም ሚዛን የደፋው ግን በፎርሙ ሦስተኛ መስመር ላይ የተሞላው የእርምጃ ዳቦ ውጤት ነበር። እኛ ዘንድ ልጅ እግር የተከለ ዕለት ክብ ዳቦ ጋግረን ወለሉ ላይ እናንከባልላለን፤ ዝቅ ባለች ጠረጴዛ ላይም ብዕር፣ መቀስ፣ መዶሻ፣ መጽሐፍ ደርድረን ልጁን እንለቀዋለን። መጀመሪያ ያነሳው ነገር ዕድሜ ልኩን የሚሠራው ሥራ ነው። አርባ ሁለት ልጆች ብዕር ወይም መጽሐፍ አንስተዋል። ብዕሩ ልጁ አፍንጫ ሥር፣ መዶሻው ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ለምን እንደተቀመጠ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፤ ጨዋ ከተማ ነው ያለን።

ኮሚቴው አርባ ሦስቱንም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ናቸው ብሎ በሙሉ ድምፅ አጽድቆ፣ አጨብጭቦ፣ አይብ የገባበትን ባኒትሳ በልቶ ሊበተን ሲል ጸሐፊዋ የመመሪያውን ሰባተኛ አንቀጽ አነበበች።

«የተሰጥኦ ባለቤቶቹ ውጤት የሚመዘነው ተሰጥኦ ከሌላቸው ሕፃናት ጋር በማነጻጸር ይሆናል። ብዛት፦ ከአንድ ያላነሰ።»

ባኒትሳው በብዙ ጉሮሮ ላይ ቆመ።

በማግስቱ ስታሜን ተጠራ። ስታሜን የከተማችን የአሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ እጁ ላይ የግራሶ ጥቁረት፣ ጆሮው ላይ የእርሳስ ቁራጭ የማይጠፋ ሰው። ሚስቱ ጣሊያን አገር አዛውንት ትጦራለች። እሱ እዚህ ዴና የምትባል ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጁን ያሳድጋል።

«አቶ ስታሜን፣» አሉ ወይዘሮ ኢስክራ፣ «የጠራሁዎት እንደ ዜጋ ላነጋግርዎ ነው።»

«አሳንሰሩ ቆመ እንዴ?»

«እኛ ጋ እኮ አሳንሰር የለም።»

«እሱስ የለም። ብቻ ሰው እንደ ዜጋ የሚያነጋግረኝ ውስጡ ሲቀረቀር ስለሆነ ነው።»

ዳይሬክተሯ ፎርሙን አነሡና በጣታቸው አንድ መስመር ላይ መታ መታ አደረጉ። «'በእርምጃ ዳቦ ዕለት ልጅቷ ያነሳችው፦ ምንም። ጠረጴዛውን ገልብጣ እግሮቹን አየች።' ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ያነሳችው ይላላ ፎርሙ። ምንም አላነሳችም።»

ወይዘሮ ኢስክራ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ፎርም ላይ የሆነውን ነገር የጻፈ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም ነበርና መስመሩን ደግመው አነበቡት። ከዚያ ድምፃቸውን ለሰንደቅ ዓላማ መስቀል ሥነ ሥርዓት በሚያወጡት ልክ አወጡ። አርባ ሁለት ሕፃናት ወደ ብርሃን ይራመዱ ዘንድ አንዲት ልጅ ባለችበት እንድትቆም ከተማው እንደሚጠይቅ፣ ስሟም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንደሚጠቀስ አስረዱ።

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት ትቆያለች?» አለ ስታሜን። ከሥራ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው።

«በእኛ ሙሉ ኃላፊነት!»

ፈረመ።

ማታ እራት ላይ ባቄላ ሾርባው መካከላቸው እየጨሰ ዴና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ተሰጥኦ የላትም ተባልኩ አይደል?»

«ተባልሽ።»

«ምንድነው የሌለኝ?»

«እኔ እንጃ ልጄ።»

«ከሌለኝ እንደሌለኝ እንዴት አወቁ? ፈልገው አጡት ወይስ አልፈለጉም? አንተስ አለህ? ሾርባ ለምንድነው ከዳር ጀምሮ የሚቀዘቅዘው?»

ስታሜን ሳቅ ብሎ ዳቦውን ቆረሰላት። የፈራው ስድቡን አልነበረም። እናትየው ከሄደች ወዲህ ያንን ቤት ቤት የሚያሰኘው የዚህች ልጅ ጥያቄ ነው፤ ከልብስ ማስጫው ገመድ እስከ ጎረቤት ድመት ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የለም። እሱን እንዳይቀሟት ነው የፈራው። በዚያች ማታ ጆሮውን አቁሞ ሲያዳምጣት አመሸ፤ አንድም አልጎደለም። ተመስገን ብሎ ተኛ።

ማዕከሉ በባንድ ሙዚቃ ተመረቀ። በሁለት ትላልቅ ሣጥኖች ቴሌስኮፕ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ሚዛን፣ ጥርስ ያላቸው መዘውሮችና ስማቸው የተጻፈባቸው ሠላሳ ዓይነት ድንጋዮች መጡ። ወይዘሮ ኢስክራ ሣጥኖቹን በመዳፋቸው እየዳሰሱ በከተማችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ሊረሳ የማይገባውን ቃል ተናገሩ፦ «እነዚህ ዕቃዎች የተገዙት ለልጆቻችን ነው፤ ስለዚህም በመጀመሪያ ከልጆቻችን ልንጠብቃቸው ይገባል!» በዚያው ቀን ትእዛዝ ቁጥር አሥራ አንድ ወጣ፦ «ተቆጣጣሪው መጥቶ እስኪያይ ድረስ ማንኛውም ልዩ ተሰጥኦ ያለው ሕፃን ዕቃዎቹን እንዳይነካ።»

ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ግን ሥራ አልፈቱም። ሰኞ የቴሌስኮፑን መመሪያ በቃላቸው ያጠናሉ። ማክሰኞ የሮቦት ሥዕል በሁለት ቀለም ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፤ ማስመሪያ ያልተጠቀመ ሮቦቱ አይታረምለትም። ረቡዕ ቼዝ ነው፤ ጠጠሮቹ እንዳይጠፉ ስለተቆለፈባቸው መምህሩ «ፈረሱ ሄደ» ሲሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሄደ!» ይላሉ። ሐሙስ የንግግር ጥበብ። ዓርብ የፈጠራ ችሎታ፤ መልሱ ከጀርባ ተጽፏል።

ቀረች ዴና። ተሰጥኦ አልባነቷ ከሌሎቹ ተሰጥኦ ጋር ተነካክቶ ንጽጽሩን እንዳያበላሽ በማለት በእነዚያ ሰዓታት ከክፍሎቹ እንድትርቅ ተወሰነ። ክፍል ያልሆነ ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ። እዚያ የሚቀመጡት ጋሽ ግሩዲ የተባሉ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ ትእዛዝን እንደተጻፈ ቃል በቃል የሚያነቡ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ዴና ሣጥኑ ላይ ዓይኗን ተከለች።

«ጋሽ ግሩዲ፣ ይከፈታል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ትእዛዝ ቁጥር አሥራ አንድን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። አገላብጠው አነበቡ።

«'ተሰጥኦ ያለው ሕፃን እንዳይነካ' ነው የሚለው። አንቺ አለሽ እንዴ?»

«የለኝም። ተጽፏል።»

«እንግዲህ ምን ታደርጊዋለሽ፣» አሉና መክፈቻቸውን አወጡ።

በዚያ ዓመት ስታሜን ቤት እራት እየረዘመ ሄደ። በማይክሮስኮፑ ሲታይ የሽንኩርት ልጣጭ ውስጥ ጡብ አለ፤ ማን ገነባው? ሁለት መዘውር ሲነካካ አንዱ ለምን በተቃራኒው ይዞራል? ያንተ አሳንሰርስ? ስታሜን ጆሮው ላይ ያለውን እርሳስ አውርዶ የአሳንሰሩን ሞተር በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ይሥልላታል። «ጋሽ ግሩዲስ ምን ይላሉ?» ሲላት፣ «'እንጃ፣ ነይ እንየው' ነው የሚሉት፤ ሌላ ነገር አያውቁም» አለችው። ስታሜን ከዚህ የበለጠ መምህር ኖሮት እንደማያውቅ አሰበ።

መጋቢት ላይ ሽመሎች ሲመለሱ ተቆጣጣሪው ከክልል መጣ። አርባ ሁለቱ ሕፃናት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ቆሙ። የከንቲባው ልጅ ክሩም ከሰልፉ ወጣ።

«ስለ ቴሌስኮፕ ንገረኝ፣» አለ ተቆጣጣሪው።

«መሣሪያው ከእርጥበት፣ ከአቧራና ከሕፃናት መራቅ አለበት!» አለ ክሩም በአንድ ትንፋሽ።

«በርታ። በምንድነው የሚታየው? በየትኛው ጫፍ?»

ክሩም ወደ መምህሩ አየ። መምህሩ ወደ ወይዘሮ ኢስክራ፤ ወይዘሮ ኢስክራ ወደ ጣሪያው። ጣሪያው ላይ አልተጻፈም።

በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ ጣቶቿ በግራሶ የጠቆሩ ልጅ ብቅ አለች። «ጋሽ ግሩዲ ቶሎ ኑ ብለዋል፤ ሽመላዋ እንቁላሏን ልትገለብጥ ነው!»

ተቆጣጣሪው ተከተላት፤ ሰልፉም ተቆጣጣሪውን። በግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ፣ በአጭር እግሩ የቆመ ቴሌስኮፕ የሽመላዋ ጎጆ ወዳለበት ወደ ዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ አፍጥጧል። ተቆጣጣሪው ዓይኑን አስጠጋ።

«ተገልብጣለች፤» አለ። «ወፏ በጭንቅላቷ ቆማለች። ዕቃው ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም፤» አለች ዴና። «ብርሃኑ መስታወቱ ውስጥ ሲተላለፍ ነው የሚገለበጠው፤ በሻማ አይተነዋል። ሽመላዋን ማቃናት ከፈለጉ እርስዎ መገልበጥ ነው።» ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ አለች፤ ጭንቅላቷን በእግሮቿ መካከል አሾልካ ዓይኗን አስጠጋች። «እንዲህ። አሁን ቀና ብላለች።»

የክልሉ ተቆጣጣሪ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በአርባ ሁለት ልዩ ተሰጥኦዎች ፊት ተገለበጠ። ለረጅም ጊዜም አልተነሣም።

ሪፖርቱ በሳምንቱ ደረሰ። ከፍተኛ ውጤት የታየው ተሰጥኦ በሌላት ልጅ ላይ መሆኑን አትቶ፣ ተሰጥኦ የሌላቸው ልጆች ቁጥር በአስቸኳይ ወደ አሥራ ሁለት ከፍ እንዲል ያዝዛል።

ወይዘሮ ኢስክራ አልደነገጡም፤ የሚደነግጥ ሰው ዳይሬክተር አይሆንም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበው «ዴና ከማዕከላችን ውጭ ሆና እዚህ ከደረሰች፣ በማዕከላችን ውስጥ ብትሆን የት በደረሰች!» አሉ። የተገለበጠው ጠረጴዛ እንደገና ተመረመረ። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ የማያሻማ የልዩ ተሰጥኦ ምልክት ሆኖ አገኘው። ልጅቷ ነጭ ሸሚዝ ተሰጣት። ለመታሰቢያዋም ግምጃ ቤቱ «የዴና ክፍል» ተብሎ ተሰየመ፤ የስም ሰሌዳው ተመቶበት ታሸገ። ትእዛዝ ቁጥር አሥራ አንድ እስከሚቀጥለው ተቆጣጣሪ ተራዝሞ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ዕቃውን ስለማይነኩ ዴናም አትገባም። ጋሽ ግሩዲ በክብር ጡረታ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ በከተማችን የሆነውን ለማየት ዳይሬክተሯ ቢሮ ደጃፍ መቆም ይበቃ ነበር። አርባ ሁለቱ ወላጆች በየክንዳቸው ሥር የሐኪም ወረቀት ይዘው ተሰልፈዋል፤ ልጃቸው ምንም ተሰጥኦ እንደሌለበት የሚያረጋግጥ።

«የኔ ልጅ እኮ ምንም አያውቅም!» ይላሉ ከሰልፉ ፊት የከንቲባው ባለቤት። «ምንም! ይጠይቁት! ክሩሜ፣ ሁለት ሲደመር ሁለት?»

«አራት።»

«አንተ ልጅ! ቤት ምን ተባብለን ነው የመጣነው?»

በየቤቱም በእርምጃ ዳቦ ዕለት የሚቀርቡት ጠረጴዛዎች ቀለሉ፤ አናጢው ከስስ ጣውላ፣ በሕፃን ጣት ንክኪ የሚገለበጡ አድርጎ ይሠራቸው ጀመር።

ከሰልፉ ጭራ፣ አርባ ሦስተኛ ሆኖ ስታሜን ቆሟል። ተራው ሲደርስ ወይዘሮ ኢስክራ ቀና ብለው አዩት።

«አቶ ስታሜን! እርስዎማ ደርሰውበታል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋሉ?»

«ዴናን ወደ ነበረችበት መልሱልኝ።»

«ተሰጥኦ ወደሌላቸው? ቦታው እኮ አሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ የሚጠብቀውን ሕዝብ አይተዋል። ማስረጃ አለዎት?»

ስታሜን ኮፍያውን በእጁ ጨመቀው። ወረቀት አልያዘም። እንደልማዱ የሆነውን ተናገረ።

«ማዕከሉ ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ሞተር ሣልኩላት፤ 'ማስመሪያ ተጠቀም' አለችኝ። ትናንት ደግሞ ሾርባው ቀዘቀዘ። ለምን አላለችም። ዝም ብላ በላችው።»

ወይዘሮ ኢስክራ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ዝም ብላ?»

«ዝም ብላ።»

ዳይሬክተሯ ከወንበራቸው ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጠረጴዛውን ዞረው መጡና በሁለት እጃቸው የስታሜንን እጅ ጨበጡ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ አቶ ስታሜን!» አሉ። «ሌሎቹን እዚህ ለማድረስ እኮ ዓመት ሙሉ ነው የፈጀብን።»

ማኅተሙንም አንሥተው በዴና ስም ላይ፣ «ልዩ ተሰጥኦ ያላት» ከሚለው ጎን፣ መቱ።