የግራ ታፋው ምስጢር

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ ከሐኪም በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተፈጠረም። የእንስሳት ሐኪሟ ዕጣ ሆኖባት የሷ ሰፈር ሊቅ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ክቡርነታቸው የገዛ ጉልበታቸውን አድነውት ባያውቁም፣ በድመት ዓይን፣ በበቀቀን ሳልና በጥንቸል ድብርት የሚስተካከላቸው የለም። "ልጄ፣ ይሄማ ግልጽ ነው" ካሉ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም። ዶክተሯንም አንድ ቀን "ዶክተር" ብለዋት አያውቁም።

አንድ ማለዳ ያረጀች ውሻቸውን ታቅፈው መጡ። ውሻዋ ደረጃ መውጣት አቅቷታል፤ ድዷ ወረቀት መስሏል።

"ደም አንሷታል፤ ይሄማ ግልጽ ነው። ሳምንት ሙሉ ቀይ ሥር አብልቻታለሁ" አሉ።

"ታዲያ ተሻላት?"

"ምላሷ ቀልቷል።"

ዶክተሯ ደሟን መረመረች፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ አየች። ጣፊያዋ ላይ ዕጢ አለ፤ ካንሰር ነው። በዚያ ሰበብ የሰውነቷ መከላከያ ተደናግሮ የገዛ ቀይ የደም ሴሎቿን እየፈጀ ነው። ደም ተሰጥቷት ጣፊያው መውጣት አለበት፤ መከላከያውን የሚያረግብ መድኃኒትም ያስፈልጋታል። ይህን ሁሉ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው።

"ዘበኛው ባለቤቱን እየነከሰ ነው በይኛ" አሉ።

ዶክተሯ ያን ሁሉ ዓመት ተምራ እንዲህ አሳጥራ መናገር አለመቻሏ አናደዳት። ወዲያው ክቡርነታቸው ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሰብስበው ስለ ዘበኛው ንግግር ጀመሩ፤ ድመት ያመጣችው ሴትዮማ ማስታወሻ ትይዝ ነበር። ደም የሚሰጠውን ውሻም ራሳቸው ከጎረቤት መርጠው አመጡ። "ወፍራሙን ነው ያመጣሁት፤ ትርፍ አለው" አሉ። ደሙ ሲመረመር ተስማማ። ይሄ ደግሞ ዶክተሯን ይበልጥ አናደዳት።

ውሻዋ ወደ ቀዶ ጥገና ስትገባ ግን ክቡርነታቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ዶክተር፣ ትተርፍልኛለች?"

ዶክተር ሲሏት የመጀመሪያቸው ነው። "አላውቅም አባባ። የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ" አለቻቸው።

ጣፊያው ከነዕጢው ወጣ፤ ደሟ መመለስ አለመመለሱ ግን ገና አልታወቀም። ክቡርነታቸው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ባለድመቷ ሴትዮ ስለ ድመቷ ዓይን ብትጠይቃቸው "እኔ ምን አውቄ" አሏት። ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ከውሻዋ ይልቅ ለእሳቸው ፈራች። ስንት ዓመት ዝም ባሉልኝ ስትል ኖራ፣ አሁን ዝምታቸውን አንድ ሰዓት መቻል አቃታት።

መርፌ ይዛ ወጣችና ጠራቻቸው። "አባባ፣ በየትኛው ታፋዋ ብወጋት ይሻላል?"

ቀና አሉ። አሰቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በግራ ነዋ ልጄ። ይሄ ምን ጥያቄ አለው?"

ዶክተሯ አልኮል የቀባችውን የቀኝ ታፋ ትታ በግራ ወጋቻት።

በአምስተኛው ቀን የውሻዋ ድድ ቀላ፤ የደሟም መጠን ከፍ አለ። ክቡርነታቸው ምስጢሩ የግራ ታፋ መሆኑን ለተሰለፈው ሁሉ ሲያስረዱ ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። አላረመቻቸውም። እንዲያውም እሳቸው በመጡ ቀን፣ የማንም እንስሳ ይሁን፣ በግራ ነው የምትወጋው።