ቀለም የጠገበው ማሽን

ዶክተር ኤርሱሞ ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየ። በቀን የሚያልም ሥራ ፈት ነው ይባላል፤ እሱ ግን ያለመው ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ጉባኤ ጠርቶ፣ ከምሳ በኋላ ሦስተኛው ተናጋሪ ትስስሩን የበለጠ ስለ ማስተሳሰር ሲያብራሩ፣ አገጩ ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ አረፈ።

አይፈረድበትም፤ ደክሞታል። እንሰት መፋቂያ ማሽን ከሠራ ዓመታት አልፈዋል። ማሽኑ በየዓመቱ ለኤግዚቢሽን ይወጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ወደ መጋዘን ይመለሳል። ቆጮ ሸጣ ያስተማረችው አክስቱ አበሩ ዛሬም ገጠር አንድ እግሯን ሰቅላ እንሰት በቀርከሃ ትፍቃለች። ወገቧ አልቋል። «የመጀመሪያው ማሽን ያንቺ ነው» ብሏት ነበር። በደወለች ቁጥር «ያንተስ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ» ትለዋለች። ስቃ ነው የምትለው፤ እሱን ግን ያመዋል።

ወደዚሁ ጉባኤ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጁ አቶ ቦጋለ ማሽኑን ሊያዩ መጥተው ነበር። ሲሠራ ካዩት አባዝተው ሊያመርቱት ቃል ገብተዋል። ኤርሱሞ በዋዜማው ሞክሮት፣ እንደ ቀፎ ንብ እየጮኸ ተሽከርክሮለታል። አሁን አዳራሹ ጥግ ጨርቅ ለብሶ፣ ሪባን ታስሮለት ተራውን ይጠብቃል።

በሕልሙ መጀመሪያ ያየው ሰልፍ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ አስፋልቱ ፋብሪካዎች ተሰልፈዋል። ሰዎቻቸው አይደሉም፤ ራሳቸው ፋብሪካዎቹ፣ ከነጭስ ማውጫቸው። የቢራ ፋብሪካው የሲሚንቶ ፋብሪካውን «ኧረ አትግፋኝ» ይለዋል።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ ዘበኛው።

የስኳር ፋብሪካው ጭስ ማውጫውን እንደ ባርኔጣ አወለቀ። «ጥናት ቢጤ ካለ ብለን ነው፣ ጌታዬ። አቧራ የጠጣም ቢሆን አንንቅም።»

«ምሁራኑ ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ተመለሱ።»

ኤርሱሞ ይህን መልስ ያውቀዋል፤ በየፋብሪካው በር ሲነገረው የኖረ ነው። እሰይ ማለት ሲገባው አዘነላቸው። ፋብሪካዎቹ «እሺ» ብለው እዚያው አስፋልቱ ላይ ጋደም አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ጉባኤተኞቹ ማሽኖች ነበሩ። ወፍጮዎችና የውሃ ፓምፖች ባጅ አንጠልጥለው፣ ሳምቡሳ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ምሁራኑ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ደረታቸው ላይ «እባክዎ አይንኩ» ተለጥፏል። አንድ የጤፍ መውቂያ ኤርሱሞን ክንዱን ይዞ ባዶ ቦታ ላይ አቆመው።

«ይሄኛው ምንድነው?» አለች አንዲት ወፍጮ።

«ዶክተር ነው።»

«ይሠራል?»

«ኧረ የኤግዚቢሽን ነው።»

«እሠራለሁ!» ብሎ ጮኸ ኤርሱሞ።

«ውይ፣ ድምፅም አለው!» ብላ አደነቀችና ሳምቡሳዋን እየገመጠች አለፈች።

ያኔ የራሱ ማሽን የቀለም ባልዲና ቡሩሽ ይዞ መጣ። ኤርሱሞ ዘመድ ያገኘ ያህል ደስ አለው።

«ንገራቸው እንጂ! እንደምሠራ አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ ማሽኑ፣ ቡሩሹን እየነከረ። «ግን እንግዳ ይመጣል። ደብዝዘሃል።»

«አምና ተቀብቻለሁ እኮ!»

«እኔም እንደዚያ እል ነበር። እጅህን አንሳ።»

ክንዱን ቀባው፣ አንገቱን ቀባው፣ በላዩ ላይ ደገመው። ቀለሙ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ድንገት በሩ ተከፈተና ማሽኖቹ ሁሉ ብድግ አሉ። የክብር እንግዳዋ አክስቱ አበሩ ናት፤ ጥቁር የምረቃ ገዋን ለብሳ፣ የእንሰት ግንድ ተሸክማ። ግንዱን እግሩ ሥር አወረደችው።

«በል ልጄ፣ ወገቤን አሳርፈኝ።»

እጁን ሊዘረጋ ሞከረ። ክንዱ ከጎኑ ጋር ተጣብቋል። «ቆይ አክስቴ» ሊላት ፈለገ፤ ከንፈሩም ደርቋል። አበሩ ጠበቀችው። ቆየችና ገዋኗን ሰብሰብ አድርጋ መሬት ተቀመጠች፤ አንድ እግሯን ሰቅላ መፋቅ ጀመረች። ማሽኖቹ አጨበጨቡ።

በጭብጨባው ነቃ።

«ዶክተር፣ እርስዎን እኮ ነው!» አለው ከጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው። ተናጋሪው ጨርሰው፣ አቶ ቦጋለ ሪባኑን ቆርጠው ነበር። ጨርቁ ወረደ። ማሽኑ አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ በሕልሙ የሸተተው ቀለም አሁንም ይሸታል።

«ማነው የቀባው?»

«እኛ ነና!» አሉ የንብረት ክፍል ኃላፊው ደረታቸውን ነፍተው። «ለእንግዳው ክብር። ትናንት እርስዎ ሲወጡ ነው፣ ውስጡንም ሳይቀር አጥግበነዋል።»

ኤርሱሞ ማብሪያውን ተጫነ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ የሚፍቀው ሮለር ግን ንቅንቅ አላለም። በየዓመቱ በላይ በላዩ በተቀባው ላይ የማታው ቀለም ተጨምሮ ሲደርቅ ሮለሩን ከነማቀፊያው አንድ አድርጎታል። የመቃጠል ሽታ ሲመጣ በፍጥነት አጠፋው።

«ቢላ ስጡኝ! ቀለሙን ፍቄ ላስነሳው፣ ትንሽ ብቻ ታገሡኝ» አለ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

አቶ ቦጋለ ሰዓታቸውን አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«አይዞዎት ዶክተር፣ ያጋጥማል። ቀለሙ ግን ግሩም ነው! እንግዲህ ትስስር ከተባለ፣ ለከርሞው ኤግዚቢሽን ቀለሙን ፋብሪካችን ይችላል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ወዲያው የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ፎቶ ተነሡ። ኤርሱሞ ከማሽኑ አጠገብ እንደቆመ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። አክስቱ ናት።

«እህስ ልጄ፣ ማሽኑ እንዴት ሆነ?»

«አምሮበታል፣ አክስቴ» አላት።