የአንኔ ቬላዩዳም የፊት አክሰል

በየሰፈሩ አንድ የማትሄድ መኪና አለች፤ በየማትሄደው መኪና አጠገብ ደግሞ «ትሄዳለች» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ በሩቅ ምሥራቁ የካሜሮን ተራራ ይህን ታላቅ ሹመት የያዙት ክቡር አንኔ ቬላዩዳም ናቸው። «አንኔ» የምንላቸው ለሁላችንም ታላቅ ወንድም ስለሆኑ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከስልሳ ዓመት በታች ያለውን ወንድ ሁሉ «ታምቢ»፣ ታናሼ፣ ይሉታል።

መኪናቸው አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ካምቢዮዋ ከተሰበረ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ሐረግ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ወጥቷል፣ የኋላ ወንበሯ ላይም ዶሮ ሦስት ጊዜ ፈልፍላለች። አንኔ ግን «ዝናቡ ያባራ እንጂ ትሄዳለች» ይላሉ። እዚህ ተራራ ላይ ዝናብ ሲያባራ ያየ ሰው ካለ ይመስክር።

እኛ ዘንድ አሮጌ መኪና አይጣልም፤ ይበለታል። የሟቿ ዕቃ ለቋሚዋ ይሰጣል፣ የባለቤቱም ስም አብሮት ይሄዳል። እኔ የምይዘው የጎረቤቴን የአህ ቾንግን መሪ ነው፤ የምረግጠው የመምህር ጉናሴካራንን ፍሬን ነው። ለዚህ ሥርዓት እምቢ ያሉት አንኔ ብቻ ናቸው። አህ ቾንግ አንዲት የጎን መስታወት ቢለምናቸው «ኋላዋን ሳታይ እንዴት ትሂድ?» አሉት። ከዋና ከተማው የመጣ ባለ ካፌ ደግሞ ለጌጥ ካፌዬ ደጃፍ ላይ ላቁማት ቢላቸው፣ ሻይ ጋብዘው ሮቲ የሚሉትን ቂጣ አብልተው ሲያበቁ «ታማ የተኛችን ሴት አልጋዋን ስጪኝ ይሏታል?» ብለው ሸኙት። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

እኔም ከሚያሟቸው አንዱ ነበርኩ። ዘንድሮ ግን የእኔ ላንድሮቨር የፊት አክሰል ቤት ተሰነጠቀ፤ ዲፈረንሻሉንና ዘንጎቹን በሆዱ ይዞ ከጎማ እስከ ጎማ የተዘረጋው ወፍራም ብረት ማለት ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ጎመን ከልክ በላይ ጭኜ ቦይ ውስጥ ገባሁ። አስበየድኩትና መንዳቴን ቀጠልኩ። መኪናዬ ደግሞ ጎመን ብቻ አይደለም የምትጭነው። ጠዋት ጠዋት ከላይኛው እርሻ ሰባት ልጆች ትምህርት ቤት የምታወርደው እሷ ናት፤ ያንን ቁልቁለት ሌላ መኪና አይደፍረውም።

በሦስተኛው ሳምንት መሪው ወደ ግራ ይጎትተኝ ጀመር። እንዳላየ ሆንኩ። አንድ እሑድ አንኔ ሳይጠሩ መጡና ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከመኪናዬ ሥር ገቡ።

«ታምቢ፣ ይቺ መኪና እኮ ዘይት እያለቀሰች ነው።»

«በያጁ ምንም አትሆንም ብሎኛል፣ አንኔ።»

«ብየዳውማ ደህና ነው። የደከመው ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ነው፤ እሳቱ አጣሞታል። ነገ ማንን ነው የምትጭነው?»

«ያው ልጆቹን ነዋ።»

በዚህ ተራራ ላይ ለእኔ ልክ የሚሆነው አክሰል በማን መኪና ሥር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱን ስጡኝ ማለት ደግሞ «መኪናዎ ከእንግዲህ አትነሳም» ብሎ መርዶ መንገር ነው። አፌ እምቢ አለኝ።

ከሥር ወጥተው እጃቸውን ጠረጉ። «ክሪክህን ይዘህ ና» አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ዝናብ የበላው ብሎን በዋዛ አይፈታም ብዬ መጋዝና ትልቁን መዶሻ ጭኜ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። አላስፈለገም። መፍቻው አንድ ዙር ካዞረው በኋላ ብሎኑ ሁሉ በጣት ወጣ። ግሪስ ጠግቧል፣ ዝገት የሚባል የለበትም። ለካ ሰውየው በየዓመቱ እየፈቱ፣ እየቀቡ፣ መልሰው ሲያስሩት ኖረዋል። እኔ በሰውየው ስስቅ የኖርኩት፣ የምነዳትን መኪና እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ይዣት አላውቅም። አፈርኩ።

አክሰሉን ከእሳቸው መኪና ፈትቶ ለእኔ መግጠሙ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ልጆቹ ሁለት ቀን በእግራቸው ወረዱ። ስንጨርስ የእሳቸው መኪና ፊቷ በጡብ ተደግፎ ቀረ። አንኔ ጎማዎቿ የነበሩበትን ቦታ በመጥረጊያ ጠረጉና ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲያ አንድ ወር ሙሉ «ትሄዳለች» ሲሉ የሰማ የለም። ያን የሰለቸኝን ቃል እንዲህ እናፍቀዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ናፈቀኝ።

የመሣሪያ በረከት በዓል ደረሰ። በዚያን ቀን መኪና ታጥቦ የሰንደል እንጨት ቅባት ይቀባል፤ ከየጎማው ሥር ሎሚ ይቀመጥና ክፉ ነገር እንዲርቅ እሱን ጨፍልቆ ይነዳል። ማለዳ ስወጣ አንኔ ነጭ ሽርጣቸውን አገልድመው ግቢዬ ውስጥ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሁለት ሎሚ አስቀምጠዋል።

«የኋላዎቹስ፣ አንኔ?»

«የኋላው ያንተ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «የራስህን ራስህ አስቀምጥ።»

ሎሚ ፍለጋ ቤት ገባሁ። ስመለስ አንኔ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሞተሩን አስነስተዋል። ተነሱልኝ አላልኳቸውም። ሎሚዎቼን ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አስቀመጥኩና ዞሬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።