ተበታትነው የሚመጡ ጨረሮችን ለማረም የተቋቋመው ኮሚቴ

ልደታ ውስጥ፣ ለሙሉ ስሙ የበሩ ስፋት አልበቃ ብሎ በምህጻረ ቃል በሚጠራ አንድ ተቋም፣ ዓለም ገና ያልደረሰበት ጀብዱ ተፈጽሟል። ተቋሙ የሰውን ሆድ ዕቃ ሳይቀድ፣ ሽፋን በሽፋን ገልጦ የሚያሳይ አዲስ የጨረር ማሽን ነበረው። ባለሙያዋ ወጋሕታ አሠራሩን ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ በሱፍቃድ ስታስረዳ ነው ነገሩ የተጀመረው።

«ሌላው ማሽን ቀጥ ብሎ ያለፈውን ጨረር ነው የሚያየው። ይሄኛው ግን ሰውነት ውስጥ ተጋጭቶ፣ ተበትኖ የወጣውን ለቅሞ የእያንዳንዱን ጉልበት ይለካል። መርካቶ ዞሮ የመጣን ሰው ድካሙን አይተው የት የት ሲጋፋ እንደዋለ ያውቁ የለ? እንደዚያ ነው።»

የአቶ በሱፍቃድ ደም ፈላ።

«በመንግሥት መብራት ወጥቶ፣ እየተላተመ ይመጣል ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ ግን ወሬ የሚያመጣልን እሱ ነው።»

«ይሄማ በካይዘን ብክነት ይባላል!»

ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተዋቀረ። ኮሚቴው ለሦስት ቀን በጥልቀት ተወያይቶ፣ በማሽኑ ዓይን ፊት ጨረር የማያሳልፍ ወፍራም የእርሳስ ብረት እንዲገጠም ወሰነ። ተገጠመ። ፎቶው ባዶ ወጣ።

«ንጹሕ!» ብሎ ኮሚቴው አጨበጨበ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደዚያ ተቋም የገባ ሁሉ ነፃ ነው። የሳምባ ነቀርሳ የለም፣ የኩላሊት ጠጠር የለም፤ መቶ በመቶ ጤና። በዚህ ጤና ያልረኩት ጋሽ ሚደቅሳ ብቻ ናቸው፤ ከሰፈሩ ኮንዶሚኒየም የመጡ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረተኛ።

«ሐኪሙ ሳምባዬ ላይ ያለውን በፎቶ ካላየ ቢላ አላነሳም ብሏል። ቀጠሮዬ ነገ ነው፤ ካለፈኝ መቼ እንደሚደርሰኝ እንጃ።»

«ጋሽ ሚደቅሳ፣ ጤነኛ ነዎት ተባሉ እኮ» አሉ አቶ በሱፍቃድ።

«እስቲ ለዚህ ሳሌ ንገርልኝ፣ ልጄ!»

ወጋሕታ አንጀቷ ተቃጠለ፤ ግን ያለ ቃለ ጉባኤ ብሎን መፍታት ክልክል ነው። እግዜር ሲረዳት፣ አቶ በሱፍቃድ ለውጤቱ በተደገሰው ምሳ ላይ የወርቅ ጥርሳቸውን ከጥሬ ሥጋው ጋር ዋጡት። ላብ በላብ ሆነው መጡ። ወጋሕታ ፎቶ አነሳቻቸው።

«በመመሪያው መሠረት ምንም ጥርስ የለም።»

«እንዴት ነው የማይኖረው? እኔ ራሴ ነኝ የዋጥኩት!»

«ብረቱ ካልተነሳ…»

«አንሺው! ቃለ ጉባኤውን ኋላ እንጽፋለን!»

ብረቱ በደቂቃ ወረደ። ወጋሕታ ግን «ወረፋ አለ» ብላ ጋሽ ሚደቅሳን አስቀደመች። ሥራ አስኪያጁ ሆዳቸውን ይዘው አግዳሚ ላይ ሲቁለጨለጩ፣ ግራ ሳምባ ላይ ሽንብራ የምታክል ነገር ቁልጭ ብላ ታየች። ሽማግሌው ፎቶውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ታክሲ ሮጡ። ጥርሱም ተራው ሲደርስ፣ አንጀት ታጥፎ ከሚዞርበት ተገኘ።

አቶ በሱፍቃድ ከስህተታቸው የሚማሩ መሪ ናቸው። ሰኞ ሰርኩላር አወጡ፦ «ጠቃሚ መረጃ የሚያመጣው የተበተነው መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ፣ የአስተዳደር ሠራተኛና የኮሚቴ አባል በሙሉ በሥራ ሰዓት በከተማው ይበተን።» ሰባቱም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ማኪያቶ ቤት ለማኪያቶ ቤት ተበተኑ፤ እሳቸውም ከፊት መሩ።

ወጋሕታ ስብሰባ የሚጠራት አጥታ፣ የሦስት ወሩን ወረፋ በዘጠኝ ቀን ጨረሰች። በሪፖርቱም «አመራሩ በወሰደው እርምጃ የተገኘ ውጤት» ተብሎ ተመዘገበ። ተቋሙ ከተመሠረተ ወዲህ እውነት የጻፈው ያን ጊዜ ብቻ ነው።