ድርቅን በዝናብ ያየን ዕለት

ፀጉሩን ተሠርቶ ደጅ ቴአትር ለማየት የሚወጣ ሰው ጤነኛ አይመስለኝም። እኔ ግን አድርጌዋለሁ። ያውም ጅጅጋ፣ ደመናው በካራማራ በኩል ጠቁሮ እየመጣ፣ ጥላ እንኳ ሳልይዝ።

ምን ላድርግ፣ የሆዳን ነገር ነው። ሆዳን ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከጨርቅ ሱቄ አጠገብ ነው የምትኖረው። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ትተውናለች። ተስፉ የሚባል ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ መምህር ስለ ድርቅ ቴአትር ጻፈ፤ እሷ ወደ ሶማልኛ መለሰችው፣ ሚስትየዋንም ሆና ልትጫወት ተስማማች። መጋረጃው ከእኔ ሱቅ ነው። እንግዲህ ብቀር ያምርብኛል?

ችግሩ አባቷ ናቸው። ሀርሺን ነው ያሉት፤ የግመል ሰው ናቸው። አንዱ ቀልቃላ የልምምዱን ቪዲዮ በስልክ ልኮላቸው ኖሮ፣ ልጃቸው የሰው ሚስት ሆና ሕዝብ ፊት ስታለቅስ አዩ። ከዚያ ወዲያ ምን ሰላም አለ? ተነሥተው መጡ። አንዴ አያለሁ፣ ካልጣመኝ የመጨረሻሽ ነው አሏት። ሆዳን ደግሞ ያባቷን ቃል የምትሽር ልጅ አይደለችም። ሱቄ መጥታ ስትነግረኝ እንባዋ ቀርቦ ነበር። ኤዶ፣ ከጎናቸው ተቀመጪልኝ አለችኝ። ኤዶ አክስት ማለት ነው። እዚህ አገር አክስት ለመሆን ዘመድ መሆን አያስፈልግም።

ተቀመጥኩ። ገበያ ላይ በተማርኳት ሶማልኛ ሰላም አልኳቸው። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳጋደሙ መለሱልኝ።

ቴአትሩ ተጀመረ። ከብቱ አለቀ፣ ጉድጓዱ ደረቀ፣ ባልየው በውኃ ጥም ተንገላታ። ይሄኔ ዝናቡ ጠብ አለ። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ፣ በባልዲ ነው የደፋብን። እኛ ከመሀል አገር የመጣነው፣ መምህሩም ወታደሩም ነጋዴውም፣ ተያይዘን ወደ አንድ መጋዘን ጥላ ሮጥን። እኔማ ፌስታል ራሴ ላይ አጥልቄ ከሁሉም ፊት ነበርኩ። ዞር ብዬ ሳይ የአገሬው ሰው ንቅንቅ አላለም። እንዲያ የናፈቁትን ዝናብ ማን ይሸሻል? ፊታቸውን ወደ ላይ ሰጥተው አልሃምዱሊላህ ይላሉ። አፈርኩና ተመለስኩ።

ተስፉ የሠራውን ግን አትጠይቁኝ። መድረክ ላይ ወጣና፣ ዝናቡ እንዲያቆምልን ዱዓ አድርጉ አለ። ለግመል ሰው ይህ ይነገራል? አባትየው ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄ ልጅ እናት አለችው?"

አለችው አልኳቸው።

"ትምከረው።"

በቃ፣ ሆዳን አለቀላት አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ተስፉን ገፋ አድርጋ አስወረደችውና ቀጠለች። በመጨረሻው ትዕይንት ባልየው የተረፈችውን አንዲት ግመል ለነጋዴ ይሸጣል። ግመል ከየት ይምጣ? የሚታየው ገመዷ ብቻ ነው፤ ሌላው ጫፍ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ሆዳን ታለቅሳለች፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ የመጋረጃዬም ቀለም አብሮ ይወርዳል። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። እንዲህ እየዘነበ ግመል ይሸጣል? ሰሞኑን ሣር ይበቅል የለ? አላህ እየሰጠ ድርቅ ነው ብሎ ማልቀስ ነውር ነው ተባለ።

አባትየው ተነሡ። እጇን ይዘው ሊያወርዷት ነው ብዬ ልከተላቸው ብል ጭቃው ጫማዬን ያዘው። መድረኩ ላይ ወጡ። ልጃቸውን አልፈው ነጋዴው ዘንድ ሄዱና ገመዱን ከእጁ ነጠቁት። ዘንቧል፣ አትሸጥም፣ ወደመጣህበት ሂድ አሉት። ነጋዴ የሆነው ልጅ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው ገመዱን ከመድረኩ ቋሚ ጋር አሰሩ። ሆዳን ትንሽ ቆማ አየቻቸውና፣ የቴአትሩ ሰው እንደሆኑ አድርጋ፣ አባቴ ይመርቁን ብላ ጎንበስ አለች። መረቋት። ጭብጨባው ሌላ፣ እልልታው ሌላ። እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ተስፉ ብቻ መጨረሻዬን አበላሹብኝ ብሎ አኮረፈ።

አባትየው ግን ይሁንም አይሁንም ሳይሉ ሀርሺን ተመለሱ። ሆዳን ስትጨነቅ ሰነበተች። በሳምንቱ ቴአትሩ ሊደገም ሆነ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ተስፉ ዛሬ እንደጻፍኩት አልቅሰን እንጨርሳለን ብሎ ፈንድቋል። መጋረጃውን ስንሰቅል አባትየው ከመኪና ወረዱ። አዲስ ሽርጥ ታጥቀዋል፣ ጢማቸውን ሂና ተቀብተዋል። ሆዳን ፊቷ ዐመድ መሰለ። እሳቸው እሷን አልፈው ተስፉ ዘንድ ሄዱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

"እኔ የምወጣው የቱ ጋ ነው?"