ሠርግ ያራዘመው ጌም

ጳጉሜን ስትገባ የሬዲዮ ሰዎችን ምን እንደሚነካቸው አላውቅም። ሁሉም ገምጋሚ ይሆናል። ዓመቱ በስፖርት፣ ዓመቱ በሙዚቃ፣ ዓመቱ በግብርና። ዓመቱ በጌም ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም። ለምን? ይኼ ሁሉ ወጣት ዓመቱን ሙሉ ዐይኑን ተክሎ የከረመበት ነገር አንዲት ደቂቃ እንኳ ይነፈጋል?

እኔ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጌም ቤት አለኝ። ስለዚህ ግምገማውን እኔው ልሥራው ብያለሁ። ስብሰባ የለም፣ አበል የለም፣ የታሸገ ውኃም የለም። ጆሮ ብቻ አውሱኝ።

ከኳሱ ልጀምር። አዲሱ የኳስ ጌም እንደ ልማዱ ወጣ። አዲስ የሚባለው ምኑ እንደሆነ ግን እኔ አልደረስኩበትም። ማልያ ተቀይሯል። የአንዳንዱ አጥቂ ፀጉር ተስተካክሏል። አንዱ ደንበኛዬ ትንሽ ተጫወተና፣ “ጋሼ፣ ይኼ እኮ የዓምናው ነው። ፀጉር ቤት ደርሶ ነው የመጣው” አለኝ። ያም ሆኖ የዓምናውን ልክፈትልህ ስለው ተቀየመኝ።

ሲዲም እየቀረ ነው። ዱሮ ጌም ሲገዛ በእጅ የሚያዝ ነገር ነበረው። ቢቧጨርም፣ ባይሠራም፣ ቢያንስ ወርውረህ ይወጣልሃል። አሁን በኢንተርኔት ነው የሚወርደው። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ይሄዳል። በየአገሩ ጌም የሚሠሩ ኩባንያዎችም ሠራተኛ ሲያሰናብቱ ከረሙ አሉ። እኔ ከልቤ አዘንኩ። ጥግ ላይ የነበረ ሥራ ፈት ግን፣ “ምን ያሳዝናል? አሁን ገና ለመጫወት ጊዜ አገኙ” አለ። እንግዲህ ሥራ ፈት ለሥራ ፈት ሲያዝን እንዲህ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ወሬ ግን ሳይወጣ የቀረው ጌም ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙን በጠራሁት ቁጥር የሚራዘም ይመስለኛል። መኪና እየነጠቅክ ከተማ ለከተማ የምትበርበት ጨዋታ ነው። ልጆቹ ስንት ዘመን ጠብቀውታል። ቀን ይቆረጥለታል፤ ቀኑ ሲደርስ ይራዘማል። ሲያራዝሙት ደግሞ ወግ ያለው መግለጫ ያወጣሉ፤ ለክቡራን ደንበኞቻችን የሚገባቸውን ጥራት ለመስጠት ስንል ነው ይላሉ። ይኼን ይወዱላቸዋል ልጆቹ። እኛ ሰፈር ሲራዘም የከረመ መንገድ አለ፤ አንድም ቀን ክቡራን ብሎን አያውቅም።

እና ይኼ ጌም አንድ ሠርግ ሊያፈርስ ነበር።

ብሩክ የሚባል ደንበኛ አለኝ። ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሥራውን የሚያከብር፣ አፉ የማይረዝም፣ ጨዋ ልጅ። ጫልቱ የምትባል እጮኛ አለችው። እሷ በየቀኑ በሚኒባስ ዱከም እየተመላለሰች አንድ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ትቆጣጠራለች። ስፌቱ የተንጋደደ ጫማ በሷ እጅ አያልፍም። ቤተሰቦቿ መቂ ናቸው። አባቷ ኦቦ ቱፋ ሽንኩርት አምራች ናቸው።

ሠርጉ ጥቅምት ላይ ተቆረጠ። መልካም። ጌሙም ጥቅምት ይወጣል ተባለ። እንዴት ያለ መገጣጠም ነው! ብሩክ ተጨነቀ። አንድ ቀን መጥቶ፣ “ጋሼ፣ ሙሽራ ሆኜ ጌም ልጫወት ነው? ወይስ ጌሙ ወጥቶ ሙሽራ ልሁን?” አለኝ። የቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ለጫልቱ አዳራሹ ተይዟል አላትና ሠርጉ ወደ ጥር ተዛወረ።

ይኼኔ ጌሙ ተራዘመ። ወደ መቼ? ወደ ጥር።

ብሩክ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት አደረገው። አሁንስ ምን ይበል? ሱፌን የሚሰፋልኝ ሰፊ ታመመ አላት። ሰፊው ደህና ነበር፤ እንዲያውም ያን ሰሞን እኔው ጋ እየመጣ ኳስ ይጫወት ነበር። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተባለ። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል። እሺ፣ ሚስቱን ራሷን ካቆያትስ?

ጥር ሳይገባ ጌሙ እንደገና ተራዘመ። ወደ መቼ አትሉኝም? ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ! እናንተዬ፣ ጌሙ እኮ ሰውየውን እየተከተለው ነበር።

ጫልቱ ነገሩን የሰማችው ከዱከም ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ ጌሙ መራዘም እያለቀሱ ነው። አንደኛው፣ እኛስ ምን ሆንን፣ አዳማ ብሩክ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ አለ፣ ለዚህ ጌም ሲል ሠርጉን ሁለቴ አራዝሞ ጌሙ ሁለቴም ጉድ ሠራው አለ። ሌላኛው፣ “ሚስትየው ዝም አለች?” ሲል ጠየቀ። አንደኛው፣ “የት ታውቃለች! አዳራሽ፣ ሰፊ ምናምን እያለ ሸወዳት” ብሎ መለሰ። ጫልቱ ዘወር አላለችም። ሞጆን አልፎ አዳማ እስኪደርስ ድረስ የገዛ ሠርጓን ታሪክ ከነማጣፈጫው ሰማች።

ከሚኒባሱ ወርዳ ቤቷ አልሄደችም። እኔ ጋ መጣች። ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ ላይ ቆመች። ቤቱ ጸጥ አለ። ጌም ቤት ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መብራት ሲሄድ እንኳ እንዲያ አይሆንም።

“ጤና ይስጥልኝ ጋሼ” አለችኝ። ከዚያ ቴሌቪዥኖቹን በተራ አየቻቸውና፣ “የብሩክ ሚስት የትኛዋ ናት?” ስትል ጠየቀች።

ብሩክ ጆይስቲኩን እንደያዘ ተነሣ። “ጫልቱዬ፣ ላስረዳሽ” አለ።

“ተቀመጥ፤ መግለጫ አለኝ። ክቡር ደንበኛዬ፣ ለአንተ የሚገባህን ጥራት ለመስጠት ስል ሠርጉን ላልተወሰነ ጊዜ አራዝሜዋለሁ። ስለ ትዕግሥትህ አመሰግናለሁ።”

ወጥታ ሄደች። ከጀርባ አንዱ ሊያጨበጭብ ነበር፤ በዐይኔ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ብሩክ ብሩክ መሆኑ ቀረ። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ አይጫወትም። ስልኳን ትዘጋበታለች። ዱከም ድረስ ሄዶ ፋብሪካው በር ላይ ቆመላት፤ በሌላው በር ወጣች። የሚጠግነውን ስልክ ፈትቶ መግጠም እያቃተው ደንበኞቹ ስልካቸውን በፌስታል ይዘው ሲመለሱ አየሁ። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ አለና፣ “ጋሼ፣ እኔ የምትሄድ አልመሰለኝም ነበር። ጌሙ ያመልጠኛል ብዬ ስፈራ እሷ ታመልጠኛለች ብዬ አላሰብኩም” አለኝ። ዐይኑ ውኃ ሞልቷል። ልቤ ተነካ።

ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ማን ይሂድ? አጎቱ አቶ ደረሰ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሲናገሩ ሁሌም ስብሰባ የሚከፍቱ የሚመስሉ ሰው። ሁለተኛው? እኔ! የጠቡ ቤት ባለቤት። አይሆንም ብዬ ስከራከር አቶ ደረሰ፣ ጉዳዩ ቴክኒካዊ ማብራሪያ ካስፈለገው ባለሙያ ይገኝ አሉ።

መቂ ሄድን። ኦቦ ቱፋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምታቸው የሚከብድ ሰው ናቸው። “አካም ጅርቱ” ብዬ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ሰላም አልኳቸው። ደስ አላቸው። ደስታቸው ሥራዬን እስኪጠይቁኝ ድረስ ነው የቆየው።

“ጌም ቤት አለኝ” አልኩ።

“ምን ይሠራበታል?”

“ሰው ገብቶ ይጫወታል።”

“ትልቅ ሰው?”

“አዎ።”

“ደመወዝ አለው?”

“አይ፣ እሱ ነው የሚከፍለው።”

እንደ በሰበሰ ሽንኩርት አገላብጠው አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን ያስጠበቃት ጨዋታ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁ። እንግዲህ ባለሙያው እኔ ነኝ። የመኪና ጨዋታ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ፤ ሹፌርነት ጥሩ ሙያ ነው አሉ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አፌ ግን ቀጠለ። መኪናው የሰው ነው፣ ባለቤቱን አስወርዶ ነው የሚነዳው አልኩ።

“ዋቆ ኮ!” ብለው ብድግ አሉ፤ አምላኬ ማለታቸው ነው። “ልጄን ያቆያት ለዘረፋ ነው?”

አቶ ደረሰ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ “ዘረፋው በሐሳብ ደረጃ እንጂ ወደ ተግባር አልተሸጋገረም” አሉ። ከዚህ የባሰ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?

ያዳነችን ጫልቱ ናት። ለዚሁ ቀን መቂ መጥታ ነበርና ከጓዳ ወጣች። “አባ፣ ልናገር?” አለች። አባቷ በእጃቸው ፈቀዱላት። እሷም ወደኛ ዞራ፣ “ለብሩክ ንገሩልኝ። አገባዋለሁ። ሠርጉ ግን ጌሙ በሚወጣበት ቀን ይሁን። በዚያው ቀን። ከተስማማ ይምጣ፤ ካልተስማማ ጌሙን ያግባ” አለች።

አዳማ ገብተን መልእክቱን ነገርነው። ስልኩን አውጥቶ ቀኑን አየ። ከዚያ፣ “ጠዋት ነው ከሰዓት?” አለ።

“ምኑ?”

“ሠርጉ።”

አቶ ደረሰ ከዘራቸውን አነሡ። “ተስማምቻለሁ! ቀኑን ሙሉም ቢሆን ተስማምቻለሁ!” ብሎ ብሩክ ጮኸ። ሲል ግን ፈገግ ብሎ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ፋሲካ አለፈ። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጥሎሽ ይዘን መቂ ሄድን። ሚዜዎቹ ሁሉም የኔ ደንበኞች ናቸው፤ በሱፍና በከረባት ሳያቸው አላወቅኋቸውም። የሙሽራዋ አክስቶች ተደርድረዋል። ልብሱ አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያል፤ እልልታው ቀልጧል። በዚህ መሀል የአንዱ ሚዜ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የሌላው። ቀጥሎ የሁሉም። አንዱ ከፍቶ አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ። ለጎረቤቱ አሳየው። ያኛው ጭንቅላቱን ያዘ። እልልታው ቆመ።

“ማን ሞተ?” አለች አንደኛዋ አክስት።

“ማንም” አለ ሚዜው። ድምፁ ግን የመርዶ ነጋሪ ነው።

“አትደብቁን! የብሩክ እናት ናት?”

“ኧረ ደህና ናቸው!”

ማን ይመነው? አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሌላዋ ደረቷን መምታት ጀመረች። ጓዳ ያሉት ሴቶች ማን እንደሞተ ሳያውቁ እያለቀሱ ወጡ። የብሩክ እናት እዚያው ከጎኔ ተቀምጠው፣ “እኔ አለሁ፣ እኔ አለሁ” እያሉ ቢምሉም የሚሰማቸው አጡ።

ጫልቱ ሹሩባዋ ግማሽ እንደተሠራ ከውስጥ መጣች። የሚዜዎቹን ፊት አየች። የብሩክን አየች። ገባት።

“ተራዘመ፣ አይደል?”

ብሩክ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አክስቶቿ ሐዘን አሳበዳት ብለው ውኃ ሊረጯት ነበር።

ሲበርድላት አጠገቡ ተቀመጠች። “እውነቱን ንገረኝ። በሠርጋችን ቀን ቢወጣ ኖሮ የት ትሆን ነበር?”

“ካንቺ ጋር።”

“ሐሳብህስ?”

ብሩክ ሊዋሽ አፉን ከፈተና ተወው። “ግማሹ ካንቺ ጋር” አለ።

አበቃ፣ ተመልሰን ልንሄድ ነው አልኩ። ጫልቱ ግን እጁን ያዘችው። “ግማሹ ይበቃኛል” አለች። “አባቴ ለእናቴ ሩቡን ሰጥቶ አያውቅም፤ ሐሳቡ ሁሌ ሽንኩርት ላይ ነው።” እናትየው ከወዲያ ማዶ እልል አሉ። የዕለቱ ትልቁ እልልታ ያ ነበር።

በተቆረጠው ቀን ተጋቡ። ሠርጉ ደመቀ። ጫጉላቸውን ላንጋኖ አሳለፉ፤ ሆቴሉን የመረጠችው እሷ ናት፣ ኢንተርኔት እንደማይሠራ አጣርታ። አሁን ደስተኛ ናቸው። ጌሙ ግን ይኼው ዓመቱ አልቆ አልወጣም። ግምገማዬን በዚሁ ልዘጋ ነበር፤ ትናንት ስልክ ባይደወልልኝ ኖሮ።

ኦቦ ቱፋ ናቸው። ደነገጥኩ። በሠርጉ ቀን እንኳ ሰላምታቸው በጣት ጫፍ ነበር።

“ያ የሌቦች ጨዋታ ወጣ?” አሉኝ።

ስለ አማቻቸው ጠባይ ሰግተው መሰለኝ። “አይስጉ ኦቦ፣ ገና ነው። ብሩክም ሥራው ላይ ነው” አልኩ።

ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። “ሽንኩርቴ ተነቅሏል” አሉ ቆይተው።

“እንኳን ደስ አለዎት።”

“ምን ደስታ አለው? መኪና የለም። የሚጭንልኝ አጥቼ ሜዳ ላይ ሊበሰብስብኝ ነው።”

“ውይ፣ ያሳዝናል” አልኩ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እቤት ያለ ሰው እንዳይሰማቸው መሰለኝ፣ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

“እንደው ለነገሩ፣ ከሚነጠቁት መኪኖች መሀል አይሱዙ ይኖርበታል?”