ከበሩ በስተቀኝ፣ ከድንጋዩ ሥር

ካሳው ኮምፒዩተሩን ሸጦ ወደ አረብ አገር ሄደ። ከሄደ ወዲህ አልደወለም። የሆነው ይኸው ነው። ሌላው ወሬ ነው፤ ጊዜ ካለህ ላውራህ።

ካሳውና እኔ ሰቆጣ የተማርነው አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቻችን ወዳሉበት ጋዝጊብላ ድረስ በእግራችን ሄደን ስንቅ እናመጣለን። ስንቁ እስከ ሐሙስ ይቆያል። ዓርብን አታንሳብኝ። አከራይ በተቆጣ ቁጥር ቤት እንቀይር ነበር። ቁልፍ የምናስቀምጥበትን ግን አንቀይርም፤ ከበሩ በስተቀኝ፣ ከድንጋዩ ሥር። የትኛው በር ብሎ የሚጠይቅ የለም። የቆምክበት በር ነዋ።

ይህን ደንብ ያወጣው ካሳው ነው። ታዲያ ሲያድግ ምን ነካው?

አድጎ ለሕፃናት የአገራችንን ቋንቋ፣ ኽምጣኛን የሚያስተምር የስልክ ፕሮግራም ሠራ። ሥዕሉን ስትነካው የካሳው ድምፅ ስሙን ይጠራል፦ ውሃ፣ ፍየል፣ እናት። ሊሄድ ሲል ፋይሎቹን ሁሉ ወደ እኔ ኮምፒዩተር ገለበጠ። «እናቴን አደራ» አለኝ። ስለ ፕሮግራሙ ምንም አላለም።

እናቱ እማማ ታደሉ ፊደል አልቆጠሩም። ከሥዕሎቹ ሁሉ የሚነኩት የእናትን ብቻ ነው። ልጃቸው በኽምጣኛ «እናት» ይላል፤ እሳቸው «አቤት» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ ከረሙ። ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ሌላ ስልክ አገኙና በገበያ ቀን ይዘውት ሰቆጣ ድረስ ወደ እኔ መጡ።

ቀላል ነው አልኩ። ኮዱን ሰብስቦ ፕሮግራም የሚያደርገውን መሣሪያ አስነሣሁ፤ ጨረሰ፤ ስልካቸው ላይ ጫንኩ። ሥዕሏን ነኩ። ዝም።

«ልጄን ምን አደረግኸው?»

«አለ እማማ፣ ይታገሡኝ።»

«አንተማ አለ ትላለህ። እሱ ነው እንጂ ዝም ያለው።»

ድምፆቹ ኮምፒዩተሬ ላይ አሉ፤ ከፍቼ እሰማቸዋለሁ። መሣሪያው ግን የሉም ይላል። ትእዛዙ የተጻፈበትን ፋይል አየሁት። ካሳው «ድምፆቹን ከካሳው ኮምፒዩተር፣ ከካሳው ዴስክቶፕ አምጣ» ብሎ ሙሉውን አድራሻ ጽፏል። ያ ኮምፒዩተር ደግሞ ተሸጧል። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ይባል የለ? የወጣው እሱ፣ የተንከራተቱት ፋይሎቹ።

«ድሮ ቤቱ ሄዶ ነው የሚፈልገው» አልኳቸው።

«ቤቱማ የለም። ንገረዋ።»

ነገርኩት። አድራሻውን አጠፋሁና «ካለህበት ጀምር፤ አጠገብህ ያለውን የድምፅ ፎልደር ክፈት» ብዬ ጻፍኩና ፕሮግራሙን እንደገና ሰብስቤ ስልካቸው ላይ ጫንኩ። አሁን አምደወርቅ ከተማም ብትወስደው፣ በማንም ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ባለሙያዎች ሙሉ አድራሻ አትጻፍ የሚሉት ለዚህ ነው። ስለ ድንጋዩና ስለ ቁልፉም እማማን አጫወትኳቸው፤ ነገሩ እንዲገባቸው ብዬ።

ሥዕሏን ነኩ። ካሳው ጠራቸው።

«አቤት» አሉ። ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ቀና አሉ። «ልጄ ሲመለስ ቁልፉን ከድንጋዩ ሥር ያገኛል በለኛ።»

«ያገኛል።»

«የየትኛው ቤት ድንጋይ?»

አጠገብህ ያለውን ክፈት የሚባለው አጠገብህ ላለ ነው። ሩቅ ላለ ሰውስ?

ካሳው የሚያውቀው የመጨረሻ ቤት አሁን ያለሁበት ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ አከራዩም ይቆጣል። ይቆጣ። አልለቅም።

ካሳው እስካሁን አልደወለም። እናቱ ጋዝጊብላ አሉ። እኔ እዚሁ ሰቆጣ አለሁ።